ለነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን፦ የቆመ መኪና ለሰፈሩ መብራት እንዲሰጥ ደንብ አውጡለት

ክቡራን ኃላፊዎች፣

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በየግቢው የሚያድረው የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ይህ ባትሪ ለመንዳት ብቻ መዋል የለበትም።

ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ምሽት ላይ ምጣዱና ምድጃው አብረው ሲለኮሱ ግን አቅም የሚያጣው የሰፈሩ ትራንስፎርመር ነው። አንድ መኪና 3 ኪሎ ዋት ቢሰጥ የአንድ ምጣድን ጭነት ሊያነሣ ምንም አይቀረው። በአንድ ባለ 315 ኪሎ ቮልት አምፒር ትራንስፎርመር ሥር 10 መኪኖች ቢሰጡ ከአቅሙ አንድ አሥረኛ ገደማ ይቃለላል።

ባለቤቱ እሺ እንዲል ግን ሒሳቡ ይታይ። በ3 ሰዓት ጊዜ ውስጥ 9 ኪሎ ዋት ሰዓት የሰጠ ሰው፣ በመለዋወጥ የሚባክነው ተጨምሮ፣ ሌሊት ለመሙላት ወደ 11 ይገዛል። በሸመተበት ዋጋ ከተከፈለው ከስሯል፤ የባትሪው እርጅና ገና አልታሰበም። ጠዋት መኪናው ባዶ ሆኖ እንዳይጠብቀውም ይሰጋል። ስለዚህ ከስንት በመቶ በታች እንደማይነካ የሚወስነው ባለቤቱ ራሱ ይሁን።

ከሁሉ የሚያስፈራን ሁለቱም ጫፉ ወንድ የሆነ፣ ማለትም በሁለቱም በኩል ሶኬት ላይ የሚሰካ ገመድ ነው። ብዙ መኪኖች በአዳፕተር 220 ቮልት ይሰጣሉ፤ ይህ ግን ዕቃ ለማሠራት እንጂ ከመስመር ጋር ለመገናኘት አልተሠራም። መብራት ሲጠፋ ዋናውን ብሬከር ሳያወርዱ ገመዱን ግድግዳው ሶኬት ላይ ከሰኩት፣ ኃይሉ ወደ ውጭ ወጥቶ ትራንስፎርመሩን በተቃራኒው ያሠራዋል፤ 220ው ወደ 15,000 ቮልት ያድጋል። ምሰሶ ላይ ያለው ሠራተኛ ደግሞ መስመሩ እንደሞተ ነው የሚያውቀው። መብራቱ በድንገት ሲመለስም ሁለቱ ኃይሎች ተጋጭተው አዳፕተሩ ይቃጠላል።

ስለዚህ ቤቱን ከመኪና ለሚያበራ ሁሉ፣ ፌዙንም ኒውትራሉንም (ሁለቱንም የመብራት ሽቦ) የሚቆርጥ ቼንጅ ኦቨር ስዊች፣ ማለትም ቤቱን ወይ ከመስመሩ ወይ ከመኪናው ብቻ የሚያገናኝ ማብሪያ፣ አሁኑኑ ግዴታ ይሁን። ወደ መስመር ለሚሰጥ ደግሞ ከመስመሩ 50 ኸርዝ ሞገድ ጋር ተናብቦ የሚሠራ፣ መብራት ሲጠፋም በራሱ የሚቋረጥ ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይር መሣሪያ) ያስፈልጋል። ቆጣሪውም ይቀየር፤ አንዳንድ ቆጣሪ የወጣውን ኃይል እንደተበላ ይቆጥረዋልና ሰጪው በሰጠው ይከፍላል።

ሙከራው በአንድ ትራንስፎርመር ይጀመር፤ የመግዣ ዋጋው ግን ፈቃደኞች ከመመዝገባቸው በፊት ይታወጅ።

ከአክብሮት ጋር፣
የኤሌክትሪክ ዝርጋታና የመኪና ቻርጀር ተከላ ባለሙያዎች