መንገዱን ተፈጥሮ አልቀረጸችውም

ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፦

ባለፈው ሳምንት ፍራንክፈርት የሚኖር የአክስቴ ልጅ የጉዞ ዓምዳችሁን ገጽ በስልኩ አንስቶ ላከልኝ። ከሥሩ «በነሐሴ ከጓደኞቼ ጋር እመጣለሁ፣ እዚህ ትወስደናለህ። ነጠላ ጫማ ይበቃል አይደል?» የሚል መልእክት አለው። ስቄ ስልኩን አስቀመጥኩና መልሼ አነሣሁት። በፎቶው ላይ በገደል ወገብ እንደ መቀነት የተጠመጠመ ቀጭን መንገድ ይታያል፤ ግርጌው ላይ «ተፈጥሮ የቀረጸችው የካሬስ ጎዳና» ተብሎ ተጽፏል። ልጁ ነጠላ ጫማ ቢያስብ አልፈርድበትም። ተፈጥሮ ለሽርሽር ያነጠፈችው መንገድ ከሆነ ምን ያስፈራል?

ሰሜን ስፔን፣ ኦቪዬዶ ከተማ መኖር ከጀመርኩ 11 ዓመቴ ነው። ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው፤ ዕረፍት ባገኘሁ ቁጥር ወደ ፒኮስ ዴ ኤውሮፓ ተራሮች እሄዳለሁ። ተራራ ወጪ ነኝ አልልም፣ ጎረቤት ነኝ። አንድ እርማት አለኝ፤ እርማቱ ደግሞ ቅሬታ አስከትሏል።

ገደሉን የቦረቦረው የካሬስ ወንዝ ነው፣ ይህ አያከራክርም። መንገዱን የቆረጡት ግን ሰዎች ናቸው። ከመቶ ዓመት በፊት አንድ የኤሌክትሪክ ኩባንያ የወንዙን ውሃ ካይን ከምትባለው መንደር ጠልፎ፣ በዐለት ውስጥ በተፈለፈለ ቦይ በገደሉ ሌላ ጫፍ ወዳለችው ፖንሴቦስ አመጣው። እዚያ ውሃው ቁልቁል ወርዶ ተርባይን ያዞራል። ቦይ ደግሞ ጠባቂ ይፈልጋል፤ ድንጋይ ይወድቅበታል፣ በረዶ ይደፍነዋል። ስለዚህ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1945 እስከ 1950 ባሉት ዓመታት የጥገና ሠራተኞቹ የሚያልፉበት መንገድ በድማሚትና በመዶሻ ከዐለቱ ወጣ። በሥራው ላይ ሕይወታቸው ያለፈ ነበሩ። ዛሬ ጎብኚው «መለኮታዊው ገደል» እያለ የሚመጣበት ቦታ የቀን ሠራተኛ እንጀራ የበላበት ነው። ቦዩ አሁንም ሥራ ላይ ነው፤ ጆሮ ለሰጠው ውሃው ከመንገዱ ጎን ሲሄድ ይሰማል።

መንገዱን ባለማወቄ የከፈልኩትን ልንገራችሁ። እዚህ አገር በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ከፖንሴቦስ ተነሣን። ጽሑፋችሁ «ሜዳ ነው» ያለው መንገድ መጀመሪያ ላይ ጥሩ አድርጎ ሽቅብ ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ እውነትም ይለሰልሳል። ስፋቱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቢያስኬድ ነው፤ በአብዛኛው መደገፊያ የለውም፤ ወንዙ ከታች ክር ያክላል። 12 ኪሎ ሜትር ሄደን ካይን ስንደርስ ከቀኑ 9 ሰዓት አልፏል። እንግዲህ አውቶቡስ ይዘን እንመለሳለን ብለን ቡና ቤት ተቀመጥን። አስተናጋጁ ጥያቄያችንን ሰምቶ መሳቅ ጀመረ። ካይን ያለችው ከተራራው ወዲያ ነው፣ ሌላ አውራጃ ነው፤ በመኪና ወደ ፖንሴቦስ ለመመለስ ሰንሰለቱን በሙሉ መዞር ያስፈልጋል፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሌላ 12 ኪሎ ሜትር በእግራችን ተመለስን። መጨረሻውን የሄድነው በስልክ መብራት ነው። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ሳልጠይቅ ነው የሄድኩት። ግን ጽሑፋችሁን ያነበበ ሰውም ያው እንደ እኔ ሳይጠይቅ ነው የሚሄደው።

በዚያው ቀን ነው ፍየሎቹን የተዋወቅኳቸው። የካሬስ ፍየሎች ከሰው ጋር ተላምደዋል፤ አንዷ መጥታ ከቦርሳዬ ዳቦዬን ከነወረቀቱ መዝዛ ፊት ለፊቴ ቆማ አኘከችው። ፎቶ አነሣሁ፣ ሳቅሁ። ትንሽ እንደሄድን ከላያችን ጠጠር ወረደ፣ ቀጥሎ ቡጢ የምታክል ድንጋይ ከፊታችን አርፋ ወደ ወንዙ ዘለለች። ቀና ስንል ጓደኞቿ ከላይ ይግጣሉ። ከዚያ ወዲህ ፍየል ከበላዬ ካየሁ ቆሜ አሳልፋለሁ፣ ወይም በፍጥነት አልፋለሁ። ይህቺን ያህል ምክር አንድ መስመር አትፈጅም ነበር።

ወደ ቅሬታው ልለፍ። ጽሑፋችሁ ከካሬስ ሌላ የዘረዘራቸው ስፍራዎች በሙሉ መኪና ወይም ማሽን አጠገባቸው የሚያደርስ ናቸው። ስፔኖች ሚራዶር ይሏቸዋል፣ አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ማያ። ደርሰህ፣ ብረቱን ተደግፈህ፣ ተነሥተህ ትመለሳለህ። ይህንን አልንቅም። ፉዌንቴ ዴ በሚባለው ስፍራ እንደ ፈረንጆች በ1966 የተከፈተው ኬብል ካር (በገመድ ላይ የሚሄድ ተሽከርካሪ) አራት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ 753 ሜትር ሽቅብ ያወጣል፤ ጉልበት ለከዳው ሰው ትልቅ በረከት ነው። እኔም የምንከባከባቸውን እናት ወስጄያቸዋለሁ። ከዚያ ሥር ካለ መንደር የተወለዱ ናቸው፣ እማማ ነው የምላቸው። ኬብል ካሩ ላይ ግን ወጥተው አያውቁም ነበር፤ ጉልበት እያላቸው በእግራቸው ይወጡ ስለነበር አላስፈለጋቸውም። ላይ ስንደርስ ሰው ሁሉ ስልኩን ወደ ጫፎቹ ሲያዞር እሳቸው ጫፎቹን ዞር ብለውም አላዩም። በጣታቸው ከታች ያለውን መስክ እየተከተሉ፣ የት ላይ ሸክም አውርደው እንደሚያርፉ፣ የትኛው ምንጭ በበጋ እንደማይደርቅ፣ የማን ላም የት እንደገባች ነገሩኝ። ለሌላው ድንጋይና ሣር ነበር፤ ለእሳቸው ሰፈር ነው። ያንን መንገድ ከእሳቸው በኋላ ብቻዬን ወረድኩት። ከኬብል ካሩ ጫፍ ተነሥቶ በአሊቫ ግጦሽ በኩል ወደ ታች 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቁልቁለት ስለሆነ ጉልበት ያለው ሁሉ ይችለዋል። እናንተ ግን «ወጥታችሁ ተመለሱ» አላችሁ።

ስለ ፔድሮ ፒዳልም ጽፋችኋል፣ ያ ተራራ ወዳዱ መኳንንት። እውነት ነው፣ እንደ ፈረንጆች በ1918 በኮቫዶንጋ ተራራ የስፔን የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሲመሠረት ቀዳሚው ሰው እሱ ነበር። በ1904 ናራንሆ ዴ ቡልኔስ የሚባለውን 2,519 ሜትር ዐለት ለመጀመሪያ ጊዜ መውጣቱም እውነት ነው። ግን ብቻውን አልወጣም! አብሮት የነበረው ግሪጎሪዮ ፔሬዝ የሚባል የካይን እረኛ ነው፤ ከፊት እየሄደ መያዣ የሚፈልገው እሱ ነበር፣ ያውም በባዶ እግሩ ነው ይባላል። መኳንንቱ ገመዱን ከለንደን ገዝቶ አመጣ፣ እረኛው እግሩን። የመጀመሪያውን ስም አትማችሁ ሁለተኛውን መተዋችሁና መንገዱን ለተፈጥሮ መስጠታችሁ ለእኔ አንድ ስህተት ነው።

ፒዳል የተቀበረው ኦርዲያሌስ በሚባለው ሚራዶር ነው፣ በዐለት ውስጥ። በ1941 ሞቶ ከዓመታት በኋላ አጽሙ ወደዚያ ተወሰደ፤ ራሱ የለመነው ቦታ ነው። መኪና አይደርስበትም። ከኮቫዶንጋ ሐይቆች ተነሥቶ ደርሶ መልስ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ጫፉ ላይ ሆዴን አስተኝቼ ነው ቁልቁል ያየሁት፣ ቆሜ ለማየት ልቤ አልፈቀደም። ከዝርዝራችሁ ውስጥ ግን የለም፤ ለምን እንደሌለ ገብቶኛል።

እነዚህ መንገዶች ደግሞ እንደተሠሩ አይቀሩም። ቡልኔስ የምትባለው መንደር እንደ ፈረንጆች እስከ 2001 ድረስ ከእግር መንገድ በስተቀር መግቢያ አልነበራትም፤ አሁን በተራራ ሆድ ውስጥ 2.2 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር አላት። ለታመመና ለእርጉዝ ሴት ተገቢ ነው፣ አልቃወምም። አሮጌው የበቅሎ መንገድም አለ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያስኬዳል። ከዋናዎቹ መንገዶች ራቅ ሲሉ ግን ሌላ ነው። በጋ ላይ ከብት ነድቶ የሚወጣ፣ የካብራሌስን አይብ በዋሻ የሚያበስል እረኛ እያነሰ ሄዷል። መንገዱን የሚጠርገው የከብት ኮቴ ነበር። ኮቴ ሲቀር እሾህና ፈርን ይውጡታል፤ ካርታ ላይ ያለ መስመር ቦታው ላይ ስትደርስ ቁጥቋጦ ይሆናል። አንዴ ደርሶብኝ ሱሪዬን ሰጥቼ ነው የወጣሁት።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። የፎቶውን ግርጌ አርሙልኝ። ሁለተኛ ስትጽፉ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደረስ፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነና በምን እንደሚመለሱ አስገቡ። ድንጋይና ዛፍ ላይ የሚቀባው ምልክት ምን ማለት እንደሆነ ንገሩ፦ ነጭና ቀይ የረጅሙ መንገድ ነው፣ ነጭና ቢጫ የአጭሩ፣ መስቀለኛ ሆኖ ከተቀባ በዚያ አትሂድ ማለት ነው። ጭጋጉ ከባሕር በኩል በድንገት እንደሚመጣ፣ የአደጋ ጥሪ 112 እንደሆነ፣ በበጋ ወደ ኮቫዶንጋ ሐይቆች በግል መኪና መውጣት እንደሚገደብና በአውቶቡስ እንደሚኬድ ጻፉ። ከማድሪድም ከጀርመንም በዕረፍት ጊዜያቸው የሚመጡ ወገኖች እናንተን አምነው ነው የሚነሡት።

ለአክስቴ ልጅ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ ይግዛ ብዬዋለሁ። እናንተ ደግሞ ያንን ፎቶ አንዴ አጉልታችሁ እዩት፤ ከመንገዱ ከፍ ብሎ በስተግራ፣ ዐለቱ ላይ ቀጥ ተደርጎ የተቆረጠ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለ። የቦዩ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከኦቪዬዶ