ተገልብጦ የተሸለመው ፎቶ

ይድረስ ለምወድህ ወዳጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከጉልበቴና ከግራ ጆሮዬ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጆሮዬን ታውቀዋለህ። ድሮ ባሕር ውስጥ ከአሥር ሜትር በታች ስንወርድ ነበር የሚያኮርፈው። አሁን መሬት ላይም ያኮርፋል።

ስንት ዓመት ተጠፋፋን? መቁጠር ጀምሬ ተውኩት። አልተጣላን፣ አልተቀያየምን። ጊዜ እንደ ውሃ እያሳሳቀ ወሰደን። ጥፋቱ የእኔ ነው። ግማሹን ግን አንተም ትወስዳለህ።

ብዕር ያስያዘኝ የስላይዶቻችን፣ የእነዚያ በፕሮጀክተር የምናሳያቸው የፊልም ፎቶዎች፣ ካርቶን ነው። ዕቃ ሳስተካክል እግሬ ላይ ወደቀ። ግማሹ ሻግቷል። አንዱን አንስቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን ባዞረው አንተ ነህ። ባሕር ወለል ላይ፣ ወንበር ላይ፣ እግርህን አነባብረህ ጋዜጣ ታነባለህ። ብቻዬን እንደ እብድ ሳቅኩ።

ያ የባሕር ውስጥ ፎቶ ውድድር ትዝ ይልሃል? ሰው ሁሉ ዓሣና ኮራል ሲያሳድድ እኛ «የፈጠራ ፎቶ» ለሚለው ዘርፍ ወንበር ተሸክመን ገባን። ወንበሩ እንዳይንሳፈፍ ወደ ታች እንዲያወርድህ ከታጠቅከው የእርሳስ ክብደት ከወገብህ ፈትተን አሰርንበት። ወንበሩ ቁጭ አለ፣ አንተ ተንሳፈፍክ። እርሳሱን መልሰን ስንከፋፈል አየራችን ግማሽ ደረሰ። ጋዜጣው ደግሞ አምስተኛውን ፎቶ ሳልጨርስ ይበታተን ጀመር። የስፖርቱ ገጽ መነጽርህ ላይ ተለጥፎ በዳበሳ ስትፈልገኝ የነበረውን መቼም አልረሳውም።

አንድ ፊልም 36 ፎቶ ነው፣ እዚያ ታች ከፍተህ አትቀይረውም። ያቺ ውሃ የማያስገባ ካሜራዬ ኒኮኖስ ደግሞ በሌንሷ አታሳይህም። ርቀቱን በዓይንህ ገምተህ ትሞላላታለህ፣ ከዚያ ጸሎት ነው። አንተ «ግምት የሰነፍ ሥራ ነው» ብለህ ሜትር ይዘህ የገባህበትን ቀን ላስታውስህ? ውሃ ውስጥ ነገር በሩብ ያህል ቀርቦ ነው የሚታየው፣ ሌንሱም እንደ ዓይናችን ይታለላል። የገመተ ሰው ፎቶው ጠራለት። በትክክል የለካኸው አንተ 36ቱንም አደበዘዝካቸው።

ከሁሉ የማልረሳልህ ግን የእጄን ነገር ነው። ሃያ ሜትር ገደማ ላይ ኮራል ቆረጠኝና ደሜ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ቀይ ብርሃንን ውሃ ቀድሞ እንደሚውጠው አውቃለሁ። ቢሆንም የራስህ ደም አረንጓዴ ሲሆን ማየት ያስደነግጣል። እጄን ዘርግቼ አሳየሁህ። አንተ ምን አደረግክ? ፍላሽህን አስተካክለህ ፎቶ አነሳህ! በፍላሹ ብርሃን ደሜ ቀላ፣ አንተም በጣትህ «አንድ ጊዜ ድገም» አልከኝ።

እነዚያ ታላላቆቻችንስ? እኛ «ድሮ» የምንለው ለእነሱ ትናንት ነበር። በአንድ ጊዜ ብልጭታ የሚቃጠል የፍላሽ አምፖል በመረብ ከረጢት ይዘው ይወርዱ የነበሩት። አምፖል ደግሞ ይንሳፈፋል። የአንደኛው ሽማግሌ ከረጢት ታች ተከፍቶበት አምፖሎቹ እንደ ፊኛ ተከታትለው ወጡ፤ ጀልባው ላይ የቀሩት ሲለቅሙ ዋሉ። ያው ሰውዬ እ.ኤ.አ. በ1926 ሎንግሌይና ማርቲን የተባሉ አሜሪካውያን የመጀመሪያውን የባሕር ውስጥ ባለቀለም ፎቶ ፍሎሪዳ ላይ እንዴት እንዳነሱ ያወራልን ነበር። ለብርሃን የማግኒዚየም ዱቄት ከውሃው በላይ መንሳፈፊያ ላይ ያነዱ ነበር። ሲተርከው ክብሪቱን እሱ ራሱ የጫረው ይመስል ነበር። ያን ጊዜ ግን አልተወለደም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ማታ ፊልሙ ታጥቦ ዳኞቹ ፊት በፕሮጀክተር ሲታይ ፎቶአችን ተገልብጦ ወጣ። አሸዋው ጣሪያ ሆነ፣ አንተ እንደ ሌሊት ወፍ ተንጠልጥለህ ጋዜጣ ታነባለህ። ልናገር አፌን ስከፍት በጠረጴዛው ሥር ረገጥከኝ። አንዱ ዳኛ «ተመልከቱ፣ አረፋው እንኳ ወደ ታች ይወርዳል!» አለ። እኔ አለቀልን ስል እሱ ለካ ማድነቁ ነው። ሦስተኛ ወጥተን የእጅ ባትሪ ተሸለምን። ከዚያ በኋላ ባገኘሁት ሰው ሁሉ ፊት «ስላይዱን የገለበጠው እሱ ነው» እያልኩ ሳሾፍብህ ኖርኩ።

ስላይዱ አሁን እጄ ላይ ነው። አቅጣጫ የምታሳየዋ ቀይ ነጥብ በተሳሳተው ጥግ ላይ ናት። ጽሕፈቱም የእኔ ነው። የገለበጥኩት እኔ ነኝ፣ ይቅር በለኝ።

ዛሬ ልጆቹ ያነሱትን እዚያው ታች በስክሪን ያያሉ፣ ካልጣማቸው አጥፍተው ይደግሙታል። እቀናለሁ እንጂ አልቃወምም። ግን ፎቶው እስኪታጠብ የምንጠብቅባት ያቺ ሰዓት ትናፍቀኛለች፤ ሁላችንም ያሸነፍን የሚመስለን እሷ ላይ ነበር።

ለማንኛውም፣ የፈጠራ ዘርፍ ዛሬም አለ። ወንበሩን እኔ አመጣለሁ፣ ጋዜጣውን በፕላስቲክ አስለብጠዋለሁ። እርሳስ ለሁለታችንም ለየብቻ ይኑር። ጥልቀቱን ጆሮዬ ይወስን፣ አምስት ሜትርም ይበቃናል።

ባትሪውን ደግሞ በየስድስት ወሩ እየተቀያየርን እንይዘዋለን ብለን ነበር። ተራዬ ካለፈ ስንት ዓመቱ ነው? ይዘኸው ና።

ናፋቂ ወዳጅህ