ባንዳ ያልከውን ልጅ በተመለከተ

ልጄ እንዴት ነህልኝ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። በስልክ ልነግርህ ነበር ግን በስልክ ሲሆን አንተ «እሺ እማዬ፣ እሺ እማዬ» ትልና ነገሩ እዛው ያልቃል፣ ስለዚህ ልጻፍለትና ቀስ ብሎ ያንብበው ብዬ ነው። ባለፈው ሳምንት ስለ ውጭ ፖሊሲያችን ፌስቡክ ላይ ስትከራከሩ አይቻለሁ። አንዱ ልጅ ከውጭ መንግሥታት ጋር ተኳርፈን የትም አንደርስም፣ ተስማምተን በሕግና በድርድር ብንሄድ ይሻላል ብሎ ረጅም ነገር ጻፈ። አንተ ከስሩ አንድ ቃል ብቻ አስቀመጥክ፣ «ባንዳ»። ብዙ ላይክ አግኝተህበታል። እኔ ግን ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ይሄ ቃል እኮ የኛ እንኳን አይደለም ልጄ። ጣሊያኖች ከአገሬው ሰው እየመለመሉ ላዘመቱት ጦር የሰጡት ስም ነው፣ እነሱ ሄዱ ቃሉ ቀረ። 30 ዓመት ታሪክ ሳስተምር ተማሪዎቼ የማይጨውን ቀን ይረሱ ነበር፣ ባንዳ የሚለውን ቃል የረሳ ግን አላጋጠመኝም። ጦርነት ካለቀ በኋላ በሰው አፍ ውስጥ እንዲህ ነው የሚኖረው።

ቅድመ አያትህን አላገኘሃቸውም፣ እኔ ግን ልጅ ሆኜ ከሳቸው ጋር ነው ያደግኩት። አባባ ማይጨው ሲዘምቱ ገና 20 ዓመታቸው ነበር። ለምሳ ሲቀመጡ እጃቸውን የማስታጥባቸው እኔ ነበርኩ፣ እና ግራ ክንዳቸው ላይ ከክርናቸው እስከ አንጓቸው ድረስ የተጨማደደ፣ ቀላ ያለ፣ ፀጉር የማያበቅል ቆዳ ነበረ፣ ውሃው እዛ ላይ ሲደርስ ቶሎ ይንሸራተታል። ምንድነው ብዬ ስጠይቃቸው «ጢሱ ነው» ብቻ ይሉኛል። አንድ ቀን ብቻ ዘርዘር አድርገው ነገሩኝ፣ ከአውሮፕላን ሲለቁት ጢስ አልነበረም፣ እንደ ካፊያ ነበር የወረደው፣ ካፊያ መስሎን ፊታችንን እንኳን አልሸፈንም አሉኝ።

የመርዝ ጋዝ በፈረንጅ በ1925 ጄኔቫ ላይ በስምምነት የተከለከለ ነገር ነው፣ ጣሊያንም ፈርማበታለች። ደግሞ እሱ ብቻ መሰለህ? በ1916 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስንሆን ጣሊያን ደግፋን ነበር። በ1920 ደግሞ ከኛ ጋር ለ20 ዓመት የሚቆይ የወዳጅነት ውል ተፈራረመች። 20 ዓመት! 8 ዓመት እንኳን ሳይሞላው መስከረም 22 ቀን 1928 ጦሯ መረብን ተሻገረ። ማኅበሩ ማዕቀብ ጣለ ተባለ፣ ግን ነዳጅ ማዕቀቡ ውስጥ አልገባም፣ የስዊዝ ቦይም አልተዘጋባቸውም፣ ወታደሩም ታንኩም በዛው ነበር የሚያልፈው። እኛ ግን መሣሪያ እንግዛ ስንል ሻጭ አጣን፣ ጣሊያን የራሷን በራሷ ፋብሪካ ታመርታለች፣ የኛ እጅ ነው የታሰረው።

ከዛ መጋቢት ላይ ማይጨው ሆነ፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ተያዘች፣ ሰኔ 23 ደግሞ ንጉሡ ጄኔቫ ላይ በማኅበሩ ጉባኤ ፊት ቆመው በአማርኛ ተናገሩ። የጣሊያን ጋዜጠኞች እያፏጩ ሊያስቆሟቸው ሞከሩ፣ ከአዳራሹ ተባረሩና ንግግሩ ቀጠለ። እና ምን ሆነ? በወሩ ማዕቀቡ ተነሳ። ይሄን ምዕራፍ ሳስተምር ሁሌም እዚህ ጋ ስደርስ ክፍሉ ጸጥ ይላል፣ የሚያወሩት ልጆች እንኳን ዝም ይላሉ።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገርህ። ከዛች ሰኔ 23 ሁለት ትምህርት ነው ይዘን የወጣነው፣ ሁለቱ ደግሞ አይስማሙም። አንደኛው ሕግ የሌለበት ዓለም ደካማውን ይበላል፣ ስለዚህ ሕጉን አጥብቀን እንያዝ፣ ሌላው ሲጠቃ እንድረስ፣ ነገ ለኛ እንዲደረስልን የሚል ነው። በዚህ ነው የተባበሩት መንግሥታት መሥራች አባል የሆንነው። በዚህ ነው በ1943 የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የሄደው፣ ከ6 ሺህ በላይ ሰው ተመላልሶ ከ120 በላይ ልጆቻችን የሞቱት፣ አንድም ሰው አልተማረከብንም ደግሞ። ኮሪያ የት እንዳለች የማያውቅ የገበሬ ልጅ ለምን እዛ ሄዶ ሞተ ብለህ ብትጠይቅ መልሱ ጄኔቫ ነው፣ ለእኛ ያልተደረገልንን እኛ እናድርግ ነው ነገሩ። በ1953 ከላይቤሪያ ጋር ሆነን ደቡብ አፍሪካን በናሚቢያ ጉዳይ ሔግ ፍርድ ቤት የከሰስነውም፣ በ1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚሁ አዲስ አበባ የተመሠረተውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል።

ሁለተኛው ትምህርት አንተ ያወቅከው ነው፣ ማንም አይደርስልህም የሚለው። ይሄም ውሸት አይደለም፣ እሱን እንዳልካድኩብህ እንድታውቅ እፈልጋለሁ። በ1933 ጣሊያን ስትወጣ እንግሊዞች አብረውን ገቡ፣ ነጻ ወጣን ብለን ሳንጨርስ ኦጋዴን እነሱ እጅ ቆየች፣ ከፊሉም እስከ 1947 ድረስ። ንጉሡ በ1937 የካቲት ላይ ስዊዝ ቦይ ውስጥ ቆሞ የነበረ የጦር መርከብ ላይ የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን ሄደው ያገኙት ለምን ይመስልሃል? የእንግሊዝን ክንድ የሚያቀልላቸው ሌላ ወዳጅ ፍለጋ ነው። ያ ወዳጅ ደግሞ በተራው በ1969 ሶማሊያ ስትመጣብን መሣሪያውን ያዘብን፣ እኔ ያኔ ልጅ ነኝ፣ ትልልቆቹ ሬዲዮ ከበው «እንደ ማይጨው ጊዜ» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። 40 ዓመት አልፎም ሰው ነገሩን የሚለካው በዛው ነበር። ግድቡንም ቢሆን በራሳችን ገንዘብ የሚለው ነገር እንደዛ የሰውን ልብ የነካው ያለምክንያት አይደለም።

እና ያ «ባንዳ» ያልከው ልጅ የመጀመሪያውን ትምህርት ነው ይዞ የሚናገረው። አንተ ሁለተኛውን። ሁለታችሁም ከአንድ አዳራሽ ነው የወጣችሁት።

ጣሊያን ራሷ ይሄን ጦርነት እንዴት እንደምታስታውሰው ታውቃለህ? ጋዙን መጠቀሟን መንግሥቷ በይፋ ያመነው በፈረንጅ በ1996 ነው፣ 60 ዓመት ሙሉ ቆይቶ። እነሱ ጋ መንገድ ሠራን፣ ድልድይ ሠራን የሚለው ነው የቀረው። ለየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ፣ ለደብረ ሊባኖስ መነኮሳት፣ እዚህ ለሠሩት ሥራ አንድም የጣሊያን ጄኔራል ፍርድ ቤት አልቆመም፣ ለግራዚያኒ እንዲያውም በ2004 አገሩ ላይ መታሰቢያ ሠሩለት። የካሳው ብር ቆቃ ግድብ ላይ ዋለ፣ ሐውልታችን አክሱም የተመለሰው በ1997 ነው። ሜክሲኮ አደባባይ ስንት ዓመት ታክሲ ጠብቀሃል፣ ለምን ሜክሲኮ እንደተባለ ግን ጠይቀኸኝ አታውቅም። ያኔ የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ስለሆነች ነው፣ እነሱም ጋ በኛ ስም የተሰየመ አደባባይ አለ። ማንም አልደረሰልንም ስንል ይቺን እንዘላታለን፣ ይሄ ያሳዝነኛል።

እኛም ደግሞ የምናስታውሰውን አንመርጥም እንዳትል። የድል ቀን ሚያዝያ 27 ነበር፣ ንጉሡ የገቡበት ቀን ስለሆነ ደርግ ወደ መጋቢት 28 አዛወረው፣ ደርግ ሲወድቅ ተመለሰ። ያው ድል፣ ያው ሕዝብ፣ ቀኑን ግን ሥልጣን የያዘው ነው የሚቆርጠው። አምስቱን ዓመት በዱር የተዋጋው በላይ ዘለቀ ጥር 1937 ላይ ተሰቀለ፣ በጣሊያን ሳይሆን በራሱ መንግሥት፣ ለጣሊያን ያገለገሉ አንዳንዶቹ ደግሞ ሹመት አግኝተው ኖሩ። አርበኛ፣ ስደተኛ፣ ባንዳ የሚባለው ክፍፍል ቤት ለቤት ነው የገባው።

እኛም ቤት ገብቷል። ይሄን ነግሬህ አላውቅም።

አባባ ታናሽ ወንድም ነበራቸው። አባባ ከማይጨው ቆስለው ሲመለሱና በኋላ ዱር ሲገቡ እሱ 17 ዓመቱ ነው፣ እና የጣሊያንን ጠመንጃ ያዘ። እናታቸውን ለማብላት ነው የሚል አለ፣ ጠመንጃ ወዶ ነው የሚል አለ፣ እሱን የጠየቀው የለም፣ እኔም ከማን እንደምጠይቅ ሳላውቅ ሁሉም አለቁ። ነጻነት ሲመጣ ተመልሶ መንደር ገባ፣ ያው ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፣ አንዱ በሰሜኑ በር አንዱ በደቡቡ፣ ከ30 ዓመት በላይ አልተነጋገሩም። ልጆቹ ከኛ ጋር ትምህርት ቤት ነበሩ፣ ኳስ ስንጫወት ሲሸነፉ ዝም ነው የሚሉት፣ ሲያሸንፉ ግን አንድ ሰው ያቺን ቃል ይጠራታል። እኔም ጠርቻታለሁ። የገዛ የአባቴ አጎት ልጆች መሆናቸውን ሳላውቅ ማለት ነው፣ ማንም አልነገረኝማ።

እሱ ሲሞት አባባ ቀብር አይሄዱም ብለን ነበር። ሄዱ። ከሰው ርቀው ዛፍ ስር ቆሙ፣ ፍትሐቱ አልቆ አፈር መመለስ ሲጀመር ቀስ ብለው መጡ፣ ሰው መንገድ ለቀቀላቸው፣ አንድ እፍኝ አፈር ጣሉ፣ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ማታ እጃቸውን ሳስታጥባቸው አፈሩ ክንዳቸው ላይ፣ እዛ የተጨማደደው ቆዳ ውስጥ ገብቶ ነበር። እኔ «አባባ፣ አልጠራም፣ ልሽው» አልኳቸው። ተይው አሉኝ።

ኮሜንቱን አጥፋው አልልህም፣ ትልቅ ሰው ነህ፣ ክርክርህንም አትተው። ለዛ ልጅ ግን በውስጥ መስመር ጻፍለት፣ ድርድር ስትል የትኛውን ነው፣ የጄኔቫውን ነው ወይስ የሔጉን ብለህ ጠይቀው፣ ምን እንዳለህም ንገረኝ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቤት ነኝ፣ ደውል።

እናትህ