የዓለም ዋንጫው ደጃፍህ መጣ፣ አንተ ግን የት ጠፋህ?

ሰላም ነህ አንተ ሰውዬ? ባለቤትህ ልጆችህ ሁሉም ደህና ናቸው? በጣም ተጠፋፋን፣ እኔ ዛሬ ነገ ስል አንተም እንደዛው ስትል ይመስለኛል ጊዜው የሄደው፣ ማን ቀድሞ ጠፋ የሚለውን እንተወውና ወደ ቁም ነገሩ ልግባ፣ ቁም ነገሩ ደግሞ ኳስ ነው ሌላ ምን ይሆናል።

ያንተዋ ሲያትል እኮ ከ2026ቱ የዓለም ዋንጫ 6 ጨዋታ ደርሷታል! ከነሱ አንዱ ቤልጂየም ከግብጽ ነው፣ ጁን 15 ሰኞ፣ በናንተ እኩለ ቀን በኛ ማታ 4 ሰዓት። ግብጽ ማጣሪያው ላይ የኛን ምድብ መርታ እንዳለፈች ታውቃለህ፣ ሁለቴም 2 ለ 0 ነው ያሸነፈችን፣ አንዱ ጨዋታ "በሜዳችን" ተብሎ ካዛብላንካ የተደረገ ነው፣ ብቁ ስታዲየም የላችሁም ተብለን በሰው አገር ስንንከራተት። እና ስታዲየሙ ቅርብህ ከሆነ ሄደህ ለቤልጂየም ጩህልኝ ልልህ ነበር፣ ግን አፍሪካ ናት ብዬ ተውኩት።

ፎርማቱን ግን በደንብ አይተኸዋል? 48 ቡድን፣ 12 ምድብ፣ 104 ጨዋታ፣ ከጁን 11 እስከ ጁላይ 19። ኳታር ላይ 64 ጨዋታ ነበር። ከየምድቡ ሁለት ሁለት ያልፋል፣ ከዛ ደግሞ ከ12ቱ ሶስተኞች የተሻሉት 8ቱ ይጨመሩና 32 ሆነው ጥሎ ማለፍ ይጀምራሉ፣ ዋንጫ የሚወስደውም ድሮ 7 ይጫወት የነበረው አሁን 8 ይጫወታል ማለት ነው። እኔን የገረመኝ ሂሳቡ ነው። ኳታር ላይ በ48 የምድብ ጨዋታ 16 ቡድን ይሰናበት ነበር፣ አሁን 72 ጨዋታ ተጫውተውም የሚሰናበተው ያው 16 ነው! 24 ጨዋታ ጨመሩና የጨመረ ስንብት የለም። ፖርቱጋል በ2016 ዩሮ ሶስቱንም የምድብ ጨዋታ አቻ ወጥታ በሶስተኝነት አልፋ ዋንጫውን እንደወሰደች ትዝ ይልሃል አይደል፣ እንደዛ አይነት ነገር ነው የሚጠብቀን።

ፊፋዎች መጀመሪያ ያሰቡት እንዲያውም ከዚህ የባሰ ነበር፣ 16 ምድብ እያንዳንዱ 3 ቡድን ያለው። በ3 ቡድን ምድብ ደግሞ የመጨረሻው ቀን አንዱ ጨርሶ ቁጭ ብሎ ያያል፣ ሁለቱ ሜዳ ላይ የሚበጃቸውን ውጤት ያውቃሉ፣ በቃ ተስማምተው ይወጣሉ። በ2023 ማርች ኪጋሊ ተሰብስበው እሱን ሰረዙትና በየምድቡ ወደ 4 ቡድን መለሱት፣ ጥሩ አደረጉ።

ግን አሁን ነው ጉዱ! በ1982 ስፔን ላይ የሆነውን ታውቀዋለህ፣ አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ገርፋ፣ ቺሊንም አሸንፋ የምድቡን ጨዋታ ጨርሳ ስትጠብቅ፣ በማግስቱ ጀርመንና ኦስትሪያ ሂሆን ከተማ ተገናኙ፣ ጀርመን 1 ለ 0 ካሸነፈች ሁለቱም ያልፋሉ አልጄሪያ ትወድቃለች። የጀርመኑ አጥቂ ህሩቤሽ ገና በ10ኛው ደቂቃ አገባ፣ ከዛ በኋላ ኳስ ወደ ኋላ ወደ ጎን ሲቀባበሉ አለቀ፣ የአልጄሪያ ደጋፊዎች ብር እያውለበለቡ "ተሸጠ" እስኪሉ ድረስ። የአንድ ምድብ የመጨረሻ ጨዋታዎች በተመሳሳይ ሰዓት እንዲደረጉ የተደረገው በዛ ምክንያት ነው፣ ከ1986 ጀምሮ።

እና አሁን ድልድሉ ማንን ከማን አገናኘ መሰለህ፣ አልጄሪያና ኦስትሪያን! ምድብ 10 (J) ላይ ከአርጀንቲናና ከዮርዳኖስ ጋር። የሚገናኙትም የመጨረሻው ቀን ጁን 27 ካንሳስ ሲቲ ላይ ነው፣ ከ12ቱ ምድቦች በሰዓት የመጨረሻው እነሱ ናቸው። በተመሳሳይ ሰዓት መጫወት የሚለው ህግ በራሱ ምድብ ውስጥ ነው የሚሰራው፣ ሶስተኛነት ግን በሁሉም ምድብ መሀል ነው የሚወዳደረው፣ በነጥብ፣ በጎል ክፍያ፣ በገባ ጎል፣ ካስፈለገም በካርድ ብዛት። ምድብ 1 (A) በጁን 24 ጨርሶ ሶስተኛው ሆቴል ቁጭ ብሎ ሲጸልይ፣ አልጄሪያና ኦስትሪያ ግን ሌሎቹ 11 ምድቦች አልቀው ስንት ነጥብና ስንት ጎል እንደሚበቃቸው አውቀው ነው ሜዳ የሚገቡት። አቻ ለሁለቱም የሚበቃ ከሆነስ? ያን ጊዜ የተበደለችው አልጄሪያ ራሷ ኳስ ወደ ኋላ ስታቀብል ብናያት ምን ትላለህ? እኔ አልፈርድባትም በበኩሌ። ፊፋ የ1982ቱን በር ዘጋሁ ብሎ በመስኮት አስገባው እንጂ የነሱ ጥፋት አይሆንም።

ደግሞ ሙሉ በሙሉ ላማርር አልችልም፣ ለአፍሪካ 5 የነበረው ቀጥታ ቦታ 9 ሆኗል፣ ኬፕ ቨርዴ ለመጀመሪያ ጊዜ አልፋ ከስፔን ጋር አትላንታ ላይ ልትጫወት ነው። እኛ በፈረንጆቹ 2013 በአፍሪካ ማጣሪያ በመጨረሻዎቹ 10 ውስጥ ገብተን ናይጄሪያ ካላባር ላይ ስታስቀረን ቦታው 5 ነበር። እሱን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሰዓቱ ለኛ እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። መክፈቻው ሜክሲኮ ከደቡብ አፍሪካ ሰኔ 4 ሐሙስ ማታ 4 ሰዓት ነው፣ ግማሽ ፍፃሜዎቹና ፍፃሜውም እንደዛው፣ እነሱ ደህና ናቸው። ብራዚል ከሞሮኮ ሌሊት 7 ሰዓት ነው፣ የናንተ የምዕራቡ ጨዋታዎች ደግሞ ብዙዎቹ ሊነጋ ሲል። በዛ ላይ ክረምት፣ መብራት በመጣ በሄደ፣ ዲኤስቲቪ ቤቶቹ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚከፍቱ እንጃ። የሰኔ ጾምም የሚፈታው ሐምሌ 5 ስለሆነ እስከ ሩብ ፍፃሜው በሽሮ ነው፣ ክትፎው ለግማሽ ፍፃሜ ይደርሳል።

የአልጄሪያና የኦስትሪያው ለኔ እሁድ ሰኔ 21 ንጋት 11 ሰዓት ነው የሚጀምረው፣ የማርያም ዕለት፣ እናቴ ለቅዳሴ ስትወጣ እኔ ቲቪ ላይ ተተክዬ ልታገኘኝ ነው፣ ላንተ ግን ቅዳሜ ምሽት 1 ሰዓት ነው፣ የተመቸ ሰዓት። ስለዚህ በዛ ጨዋታ በቴሌግራም ደውልልኝና አብረን እንየው፣ እንደ ድሮው እየተሰዳደብን። ቁጥርህን ቀይረህ ከሆነ አዲሱን ላክልኝ፣ የድሮው ላይ ስሞክር አይነሳም።