የእንግሊዝኛ ቃላትን ከፋፍሎ ስለማንበብና ስለመጻፍ

ለ5ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ባለፈው ሳምንት የልጆቻችሁን የእንግሊዝኛ ዲክቴሽን ከመምህራቸው ጋር ተቀምጬ አየሁት። «ሪመምበር» የሚለውን ቃል «ሪምበር» አድርገው የጻፉ፣ «ጋቨርንመንት» ላይ ከ«ኤም» በፊት ያለውን «ኤን» የዘለሉ ብዙ ናቸው። ሰንፈው አይደለም። ቃሉን በዓይናቸው ብቻ ስለሚሸመድዱት መሐሉ ይጠፋባቸዋል።

ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ ቃላትን በሲላብል፣ የአማርኛ ሰዋስው «ቀለም» በሚለው አንድ አናባቢ ድምፅ በያዘ የቃል ክፍል፣ እየከፋፈሉና ለእያንዳንዱ ክፍል አንዴ እያጨበጨቡ ይለማመዳሉ፤ ሪ-መም-በር፣ ጋቭ-ኧርን-መንት።

ልጆቹን የሚያስቸግራቸው የፊደላችን ልማድ ነው። «ስትሮንግ» በእኛ አጻጻፍ አምስት ፊደል ስለሆነ አምስት ጊዜ ያጨበጭቡለታል፤ ከፊቱም «እ» ጨምረው «እስትሮንግ» ይሉታል። በእንግሊዝኛ ግን ያለው አናባቢ ድምፅ አንድ ብቻ ነው፤ ጭብጨባውም አንድ።

ከሁሉ የሚከብዳቸው ድርብ ፊደል ነው። እኛ «ገና» ስንል፣ በዓሉን ከሆነ «ና»ን እናጠብቃለን፣ ጊዜውን ከሆነ እናላላለን፤ ጽሑፉ ላይ ግን ልዩነት የለም። እንግሊዝኛ ተቃራኒው ነው፤ ፊደሉ ይደረባል፣ ድምፁ አይጠብቅም። «ሱፐር» ሱ-ፐር ተብሎ ሲከፈል የመጀመሪያው ሲላብል በአናባቢ ያልቃል፤ ድምፁ ይረዝማል፣ «ፒ»ም አንድ ነው። እራት ማለት የሆነው «ሰፐር» ግን ሲጻፍ ሰፕ-ፐር ተብሎ ይከፈላል፤ አናባቢው ያጥራል፣ «ፒ» ሁለት ይሆናል። ይህን የያዘ ልጅ ያልሸመደደውንም ቃል ለመጻፍ ይደፍራል።

ሁሉም ቃል እንዲህ አይገራም። «ዌንስደይ» ሲነገር ሁለት ሲላብል ነው፤ ለመጻፍ ሲሆን ግን በልባቸው «ዌድ-ነስ-ደይ» እንዲሉ እናስተምራቸዋለን።

እንግሊዝኛ የማትናገሩ ወላጆችም ልታግዙ ትችላላችሁ። ልጁ መዳፉን ከአገጩ ሥር አድርጎ ቃሉን ቀስ ብሎ ይበል፤ አገጩ ስንቴ እንደወረደ ይንገራችሁ፤ የሲላብሉ ቁጥር ያ ነው። ከዚያ ደብተሩን ከድኖ፣ ክፍል በክፍል እየጠራ ይጻፈው። በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል። አንዱን ቃል 20 ጊዜ እንዲገለብጥ ግን አደራ አታስገድዱት፤ እጁ ይደክማል እንጂ ጆሮው አይለምድም።

የሳምንቱ ቃላት ሰኞ ሰኞ በደብተራቸው ይላኩላችኋል፤ ዲክቴሽኑ ዓርብ ነው። ማየት የምትፈልጉ ረቡዕ ጠዋት ክፍላቸው ገብታችሁ ከኋላ ወንበር መቀመጥ ትችላላችሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር