ሳነቴን በሁለት ቀን አትጨርሱት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ገናና ጥምቀት በተቃረቡ ቁጥር በየስልኩ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ይዘዋወራል። «ዓርብ ማታ ወጥተን እሑድ ማታ እንገባለን፤ ሳነቴ፣ ሐረና ደን፣ ሶፍ ዑመር ዋሻ፤ ትራንስፖርትና ምግብ ያካትታል» ይላል። እኛ የሳነቴ አምባና የሐረና ደን ባሉበት በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዙሪያ በአስጎብኚነት የምንሠራ ነን። ሰው እንዲመጣ አጥብቀን እንፈልጋለን፤ እንጀራችንም ነው። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ከሰፈረ ወዲህ የአገራችን ሰው ባሌን ለማየት መነሣሣቱ ደስ ያሰኘናል። ነገር ግን የሁለት ቀኑ ጉዞ ጎብኚውን ያሳምማል፤ ሊያየው የመጣውን ቀይ ቀበሮም ይጎዳል። አንባቢ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ምክንያቱን እንዲያውቅ ይህን ጻፍን።

መንገዱን እናስላው። ከአዲስ አበባ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እስካለበት እስከ ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሻሸመኔና በዶዶላ ቢመጡም፣ በአዳማና በአሰላ ቢመጡም፣ ምሳና ሻይ ሲታከልበት ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። ከጎባ ተነሥቶ ሳነቴን አቋርጦ ሐረና ወርዶ መመለስ ሌላ ሙሉ ቀን ነው። ሶፍ ዑመር ደግሞ ከሮቤ በስተምሥራቅ በጎሮ በኩል 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ደርሶ መልሱ አንድ ቀን ይበላል። ይህ ሁሉ ቅዳሜና እሑድ ውስጥ የሚገባው ሌሊቱን በመንዳት ብቻ ነው። በአርሲና በባሌ መንገድ በጨለማ ከብት፣ ፈረስና ጋሪ አስፋልት ላይ ይገኛሉ። ዓርብ ቀን ሲሠራ የዋለ ሾፌር ሌሊቱን ነድቶ ጠዋት ላይ 4,000 ሜትር ከፍታ ሲወጣ ምን ያህል ንቁ እንደሚሆን ማሰብ ነው።

ስለ ከፍታው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «እኛ ደገኞች ነን፣ ምን ያደርገናል?» ይባላል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ መሆኗ እውነት ነው፤ ከባሕር ዳርቻ ከሚመጣ ሰው ይልቅ የአዲስ አበባ ሰው ይሻላል። የሳነቴ አምባ ግን 4,000 ሜትር አካባቢ ነው፤ መኪና የሚወጣበት ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ይደርሳል። በ4,000 ሜትር አንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከሚያስገባው 60 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው፤ በአዲስ አበባ ሦስት አራተኛው አካባቢ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ተጣጥፎ ያደረ፣ ውሃ ያልጠጣ፣ አንዳንዴም ቢራ የቀማመሰ ሰው በቀጥታ ወደዚህ ሲወጣ ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ፎቶ ለመነሣት ትንሽ ሲሮጥ ዓይኑ ይጨልማል። አንድ ሌሊት ዲንሾ (3,100 ሜትር ገደማ) ወይም ጎባ (2,700 ሜትር ገደማ) ቢያድር አብዛኛው ችግር ይቀላል።

ቀላል ራስ ምታት በዕረፍትና በውሃ ይሻላል። ሰውየው ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ካጠረው፣ እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተምታታ ግን ክኒን ተሰጥቶት የሚቆይበት ጊዜ የለም፤ ያኔውኑ ወደ ታች ማውረድ ያስፈልጋል። የሳነቴ መልካም ነገሩ መንገድ ያለው መሆኑ ነው፤ ጎባ ቅርብ ናት፤ ሆስፒታልም አላት። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ሴት ከመምጣታቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ።

ምግብም የከፍታው ጉዳይ ነው። በ4,000 ሜትር ውሃ የሚፈላው በ86 ወይም በ87 ዲግሪ ነው። እሳቱ ቢንቀለቀልም ውሃው ከዚያ በላይ አይግልም። ስለዚህ ሩዙ ውጭው ላቁጦ ውስጡ ጥሬ ይቀራል፣ ምስርም ሰዓታት ይፈጃል፤ ወጥ ቤቱ ላይ የሚጮኸው ቡድን ይህን አያውቅም። አምባው ላይ ማብሰል አያስፈልግም። ከጎባ ወይም ከሮቤ ገበያ ጭኮ ግዙ። የገብስ ዱቄትና ቅቤ ነው፤ አይበላሽም፤ በጣት ቆርሰው ሲበሉት ኃይል ይሰጣል፤ የባሌና የአርሲ እረኛም ለብርዱ የሚይዘው እሱን ነው። በሶና ቆሎ፣ በቴርሞስ ትኩስ ሻይ ከተጨመረበት በቂ ነው።

አሁን ወደ ቀበሮው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ውስጥ ይኖራሉ። ሰው የሚጠብቀው እንደ ጅብ በሌሊት የሚወጣ አውሬ ነው። ቀይ ቀበሮ ግን የቀን አዳኝ ነው። መንጋው ጎሕ ሲቀድ ተሰብስቦ ሰላምታ ይለዋወጣል፣ ድንበሩን ይዞራል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ለየብቻው ለአደን ይሰማራል። ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው። በተለይ ከባሌ በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኝ፣ ክብደቱ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ግዙፍ ፍልፈል አለ። ይህ ፍልፈል በቀን ከአንድ ሰዓት ብዙ የማያልፍ ጊዜ ብቻ ነው ከጉድጓዱ ብቅ የሚለው። ግማሽ አካሉን አውጥቶ በዙሪያው ያለውን ሣር በጥርሱ እየነጨ ይሰበስባል፤ ከዚያ ወደ ኋላው እየተንፏቀቀ ይገባና ቀዳዳውን በአፈር ይደፍናል። ብዙ ጊዜ አጠገቡ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ አትጠፋም፤ እሱ የቆፈረው አፈር ትል ያወጣላታል፣ እሷ ስትበር ደግሞ እሱ አደጋ መኖሩን ያውቃል። ቀበሮው ሆዱን መሬት አስነክቶ ይጠጋል፣ ፍልፈሉ ቀና ሲል ይደርቃል፣ ሲያቀረቅር እንደገና ይጠጋል። ይህ ረጅም ደቂቃ ይወስዳል።

ከመኪና ዘልለው ወርደው «ያው! ያው!» የሚሉ ሠላሳ ሰዎች ይህን ሁሉ በአንድ አፍታ ያበላሹታል። ፍልፈሉ ይገባል፣ ቀበሮው ያደነውን ያጣል፣ ጎብኚውም የቀበሮ ጀርባ ብቻ አይቶ ይመለሳል። ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ አምባው ላይ ተገኙ፤ መኪናውን ከመንገዱ ሳታስወጡ ሞተር አጥፉ፤ ውስጥ ሆናችሁ መስኮት ከፍታችሁ ተመልከቱ። ቀበሮ የቆመ መኪና አይፈራም፤ በእግሩ የሚጠጋውን ሰው ግን ይሸሻል። ባይኖኩላር ያለው ሰው ከስልክ ካሜራ ሁሉ ይበልጣል። በጥቅምትና በጥር መካከል ግልገሎች የሚወለዱበት ጊዜ ነው፤ ከበዓሉ ጉዞ ጋር ይገጥማል። ጉድጓዱ አካባቢ ሰው ከበዛ እናቲቱ ግልገሎቿን በአፏ ይዛ ሌላ ቦታ ትወስዳለች፤ በዚያ ብርድ ለግልገል ይህ አደጋ ነው። ድሮን ያለ ፈቃድ አይፈቀድም፤ አስጎብኚው ስለጨከነ እንዳይመስላችሁ።

ከሁሉ የሚያሳስበን የውሻው ነገር ነው። ደግነት ስለሚመስል ማንም ጥፋት ነው ብሎ አያስበውም። ቡድኑ ምሳውን ይበላል፣ የተረፈውን እንጀራና አጥንት ለእረኞቹ ውሻ ይጥላል። ውሻው ነገም ይመጣል፤ ጓደኞቹን ያስከትላል። መንገድ ዳር የተጣለ አጥንት ቀበሮውንም ይስባል። ውሻና ቀበሮ እዚያ ሲገናኙ የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የሚባለው የውሻ በሽታ ይተላለፋል። ቀበሮዎቹ በመንጋ የሚኖሩና እርስ በርስ የሚላላሱ በመሆናቸው አንዱ ሲታመም ሌላው ይከተላል። በ1984 ዓ.ም. ገደማና እንደገና በ1996 ዓ.ም. የእብድ ውሻ በሽታ በፓርኩ ውስጥ ባለው በዌብ ሸለቆ ገብቶ ከነበሩት ቀበሮዎች አብዛኞቹን ጨርሷል። የአካባቢው ውሾች በየዓመቱ ይከተባሉ፤ ቀበሮዎቹንም በሥጋ ውስጥ በተደበቀ ክትባት መከተብ ተጀምሯል። ይህ ሁሉ ድካም በአንድ የምሳ ትራፊ ይፈርሳል። የተረፋችሁን ሁሉ፣ የብርቱካን ልጣጭም ቢሆን፣ በከረጢት ይዛችሁ ጎባ ውረዱ። ከመንደር ጀምሮ የሚከተላችሁን ውሻ አታባብሉት፤ መሪያችሁ እንዲመልሰው ንገሩት።

ስለ መኪናው። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚሄደው መንገድ የቀበሮውን ቤት መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ያልፋል፤ በመኪና የተገጩ ቀበሮዎችም አሉ። መንገዱ ቀጥ ያለና ጭር ያለ ስለሆነ ሾፌር ሳያውቀው ይፈጥናል፤ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር አታሳልፉ። ነዳጅ ከሮቤ ወይም ከጎባ ሙሉ፤ አምባው ላይ ማደያ የለም፤ ስልክም በየቦታው አይሠራም። አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተር ጉልበት ያጣል፤ ዳገቱ ላይ ማፍጠን ትርፉ ሞተር ማጋል ነው። ከሳነቴ ወደ ሐረና የሚወርደው ቁልቁለት ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። ከ4,000 ሜትር ተነሥቶ በደኑ ውስጥ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሚኒባስ ፍሬኑ ግሎ ይሰንፋል። ገና ከላይ ማርሽ ቀንሶ በሞተር ጉልበት መያዝ ነው። ጉም ካለ መብራት አብርቶ መቆም ይሻላል፤ ብዙ ጊዜ ራሱ ይገፈፋል።

ቢያንስ አራት ቀን ይኑራችሁ። በመጀመሪያው ቀን በብርሃን ተጉዛችሁ ዲንሾ እደሩ። የመግቢያ ክፍያውን እዚያው ጽሕፈት ቤት ከፍላችሁ ደረሰኝ ያዙ፤ ከአካባቢው አስጎብኚ ውሰዱ። ፀሐይ ሳትጠልቅ በጋይሳይ ሜዳና በጽሕፈት ቤቱ ዙሪያ ባለው የጽድና የኮሶ ዛፍ ሥር የደጋ አጋዘን ታያላችሁ፤ ሰው ለምደዋልና ረጋ ብሎ ለሚሄድ አይሸሹም። በሁለተኛው ቀን በሌሊት ተነሥታችሁ ሳነቴ ላይ እስከ እኩለ ቀን ቆዩ። ጅብራውን፣ ኩሬዎቹን፣ ባለሰማያዊ ክንፉን ዝይ ተመልከቱ። ከሰዓት ወደ ሪራና ወደ ሐረና ደን ውረዱ። በአንድ ሰዓት መንገድ ውስጥ ውርጩ ቀርቶ አስታው፣ ቀርከሃው፣ ከዚያም በዛፍ ጥላ ሥር የበቀለው የጫካ ቡና ይተካካሉ። ማር የምትፈልጉ ከንብ አናቢዎቹ ራሳቸው ግዙ፤ ደኑ ቆሞ የሚቆየው ቀፎ የሚሰቀልበት ዛፍ ለባለቤቱ ገቢ ሲያስገባ ነው። ሦስተኛው ቀን ለሶፍ ዑመር፣ አራተኛው ለመመለሻ ይሁን።

ሶፍ ዑመር 15 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው፣ የዌብ ወንዝ ኖራ ድንጋዩን በልቶ የሠራው ዋሻ ነው። ወንዙን ደጋግሞ መሻገር ስለሚያስፈልግ ወደ ውስጥ የሚገባው በበጋ፣ በተለይ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። ባሌ በበልግም በክረምትም ዝናብ ያገኛል፤ ዋሻው ደጃፍ ላይ ፀሐይ ቢሆንም ተራራው ላይ የዘነበው ውሃ ድንገት ሊደርስ ይችላል። ውሃ ውስጥ የማያዳልጥ ጫማና ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ባትሪ ያስፈልጋል፤ አንዱ ሲጠፋ ጨለማው ፍጹም ነው። ቦታው ለአካባቢው ሙስሊሞች የተቀደሰ በመሆኑ ለዳንኪራና ለጩኸት አይሆንም። ተጨማሪ ሁለት ቀን ያለው ሰው በጊኒር በኩል የሼህ ሁሴን መቃብር ወዳለበት ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን ይቀጥል። ለአረፋ ሰሞን ምእመናን ጫፉ እንደ ባላ የተሰነጠቀ በትር ይዘው፣ ምስጋና እያዜሙ፣ ብዙዎቹ በእግራቸው ከሩቅ ይመጣሉ። ጫማ የሚወልቅበትን፣ ፎቶ የሚፈቀድበትን ቦታ ከመቃብሩ ጠባቂዎች ጠይቆ መግባት ነው።

ልብስን በሚመለከት፣ በበጋ ሳነቴ ቀን ፀሐይዋ ታቃጥላለች፤ ሌሊት ሙቀቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ውሃ በጀሪካን ውስጥ ይረጋል። ጋቢ ብቻውን አይበቃም፤ ንፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ የሱፍ ኮፍያና ጓንት ያዙ፤ ድንኳን የምታድሩ ለብርድ የተሠራ ስሊፒንግ ባግ ያስፈልጋችኋል። ከመነሣታችሁ በፊት ስለ መንገዱ ደኅንነት ዲንሾ ወይም ጎባ ያሉ ሰዎችን በስልክ ጠይቁ።

ለአዘጋጁ ድርጅት ከመክፈላችሁ በፊት አራት ጥያቄ ጠይቁ። የመጀመሪያዋን ሌሊት የት እናድራለን? ሾፌሩ መቼ ይተኛል? ከእኛ ጋር የሚሄደው የአካባቢው አስጎብኚ ነው ወይ? የምግብ ትራፊው የት ይገባል? ለመጀመሪያው ጥያቄ «አውቶቡስ ውስጥ» የሚል መልስ ከሰማችሁ፣ ገንዘቡን ለአራት ቀን ጉዞ አጠራቅሙት።

በባሌ ተራሮች አካባቢ የምንሠራ አስጎብኚዎች
ዲንሾና ጎባ