ብሬስ ቶሎ እንዲያልቅ ቫይታሚን ዲ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ብሬስ (ጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ለታሰረላቸው ልጆች «ቶሎ እንዲያልቅ» ተብሎ ቫይታሚን ዲ ሲሰጥ አያለሁ። ብዙ ጊዜ ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ሻንጣው ውስጥ ይዞት የገባ፣ ባለ 5000 ዩኒት ኪኒን ነው። ይሄ በጣም ያሳስበኛል።

ሐሳቡ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። ሽቦው ጥርስን ሲገፋ ከፊቱ ያለው አጥንት ይሟሟል፣ ከኋላው አዲስ ይሠራል። በሁለቱም ላይ ቫይታሚን ዲ እጁ አለበት። በድመቶች ላይ በተደረገ ሙከራ ንቁው ዓይነት (ቫይታሚኑ ሰውነት ውስጥ ተለውጦ ሥራ የሚጀምርበት መልኩ) ጥርሱ አጠገብ በመርፌ ሲሰጥ ጥርሱ ፈጠን ብሎ ተንቀሳቅሷል። ግን እዚያው ቦታ ላይ መወጋትና ኪኒን መዋጥ ለየቅል ናቸው። በሰው ላይ የተሠሩት ጥናቶች ደግሞ ትንንሽ ናቸው፤ ውጤታቸውም አይገጥምም።

እጥረት ካለ ግን መታከም አለበት። ፀሐይ ሞልቶን እንኳ፣ አዳማና አካባቢዋ በተማሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት የከተማ ልጆች ከገጠሮቹ የባሰ እጥረት እንዳለባቸው አሳይቷል። ስለዚህ መጀመሪያ የደም ምርመራ ይደረግ። ለታዳጊ የሚመከረው በቀን 600 ዩኒት ነው፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከ4000 ማለፍ የለበትም። ሲበዛ በደም ውስጥ ካልሲየም ከልክ ያልፋል፣ ኩላሊትም ይጎዳል።

የብሬስ ሐኪሞቻችንም ሽቦ በሚያጠብቁበት ቀን «ምን ኪኒን እየወሰድክ ነው?» ብለው ይጠይቁልን።